ባለቤት ያጣው የወላድ ቦርሳ ገበያ

ገበያ የወጣ ሸማች ሁሉ አማርጦና ተከራክሮ የሚገዛ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መቀሌ ውስጥ ከአንድ ሆስፒታል በር ፊት ለፊት ከባጃጅ ወርዶ የኪዮስክ መስኮት የሚያንኳኳ ባል የሞዴስ ዋጋ ከሁለት ሱቅ የሚያወዳድርበት ጊዜ የለውም። ሚስቱን ምጥ ይዟታል። አዋላጇ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙናና ሞዴስ አምጣ ብላዋለች። አብረው የመጡት አማቱ ፔርሙዙ ቤት መቅረቱን ያስታወሱት ገና አሁን ነው። ስለዚህ ባለኪዮስኩ የጠራውን ይከፍላል። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ፍላጎት ዋጋ የማይበግረው ይሉታል። በተራው አማርኛ መፈናፈኛ ያጣ ገዢ ማለት ነው።

ይህ ገዢ ግን ዱብ ዕዳ የወረደበት ሰው አይደለም። ዘጠኝ ወር ሙሉ የሚያውቀው ጉዳይ ነው። የክረምቱን በርበሬና ሽሮ በበጋ የሚያሰናዳ ቤተሰብ የወላድን ዕቃ ለምን በመጨረሻዋ ሰዓት ይገዛል? ነጋዴውስ ለዘመን መለወጫ፣ ለሠርግና ለትምህርት ቤት መክፈቻ ዕቃውን ደርድሮ ሲጠብቅ ለወላድ ለምን አይደረድርም? ጥያቄው የጤና ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የገበያም ነው።

ቦርሳ ይባል እንጂ መልኩ ብዙ ነው። አንዷ በሻንጣ፣ ሌላዋ በዘንቢል፣ ብዙዋ ደግሞ በሁለት በሦስት ፌስታል ይዛው ትሄዳለች። የውስጡ ዝርዝር ግን ያን ያህል አይለያይም። ለእናቲቱ ከፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ወፍራም ሞዴስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ ሳሙናና ጋቢ ያስፈልጋል። ለሕፃኑ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ መጠቅለያ፣ ዳይፐር ወይም እየታጠበ የሚታሰር ጨርቅ፤ ለአስታማሚዋ ደግሞ ፔርሙዝ፣ ኩባያ፣ ባትሪና የስልክ ቻርጀር። መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ገና የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ ኮፍያውና ጋቢው ቅንጦት አይደሉም። ከሁሉ በላይ ግን ምንም ዋጋ የማይወጣበት፣ ሲረሳ ብዙ የሚያስከፍል ወረቀት አለ። ይኸውም የእርግዝና ክትትል ካርዱ ነው። የደም ዓይነቷ፣ የደም ግፊቷ፣ ከዚህ ቀደም በቀዶ ጥገና ወልዳ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ካርድ ነው። መታወቂያና የጤና መድን ደብተርም እዚያው ኪስ ውስጥ ቢገቡ መልካም ነው።

በደህና የወለደች እናት ቢያንስ ለ24 ሰዓት በጤና ተቋሙ እንድትቆይ ይመከራል፤ በቀዶ ጥገና የወለደች ደግሞ ቀናት ትቆያለች። ለነጋዴ ሲተረጎም ዕቃው ሁለት መጠን አለው ማለት ነው።

የገበያው ስፋት ምን ያህል ነው? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የመቀሌ ነዋሪ 215,914 ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ብዙ አድጋለች። ይሁንና ይህንኑ አሮጌ ቁጥር ይዞ ከ1,000 ነዋሪ በዓመት 25 ልጅ ብቻ ይወለዳል ተብሎ ቢታሰብ ውጤቱ ወደ 5,400 ይጠጋል። በቀን 15 ገደማ መሆኑ ነው። ከእነዚህ ከአምስቱ አንዷን ብቻ የሚይዝ ነጋዴ በቀን 3፣ በዓመት ከ1,000 በላይ ቦርሳ ይሸጣል። ከወረዳዎች ወደ ከተማዋ ሆስፒታሎች በሪፈር የሚመጡት በዚህ ስሌት አልገቡም። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት የጀመረው የዓይደር ሆስፒታል ከከተማዋ ውጪ ብዙ ወረዳዎች የሚተማመኑበት የመጨረሻው በር ነው። ከሩቅ በአምቡላንስ የምትመጣ እናት ደግሞ ለተረሳ ፔርሙዝ ቤት ደርሶ የሚመለስ ዘመድ የላትም።

ዕቃው አይበላሽም፤ ፋሽኑም አያልፍበትም። ወቅት አለው ከተባለ እንኳ የሚታወቅ ወቅት ነው፤ የጥር ሙሽራ ከጥቅምት ጀምሮ አራስ ልትሆን ትችላለችና።

ፍላጎቱ መኖሩን ቁጥሮችም ይመሰክራሉ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ወላዶች 5 ብቻ ነበሩ። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ትግራይ ከዚህ አማካይ በብዙ ትቀድም ነበር፤ በ2016 ወደ 57፣ በ2019 ወደ 72 ደርሳ ነበር። ቤት ስትወልድ ቦርሳ የማያስፈልጋት እናት ሆስፒታል ስትሄድ ያስፈልጋታል። በ15 ዓመት ውስጥ እንዲህ የሰፋ የሸማች ክፍል ሌላ ቦታ ቢሆን ስንቱን አስመጪ ባሻማ ነበር። እዚህ ግን አንድም «የወላድ» የሚል ታፔላ የሰቀለ ሱቅ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንደኛው ዕቃው መበታተኑ ነው። ሞዴሱ ከመድኃኒት ቤት፣ ጋቢው ከሸማኔ ተራ፣ የሕፃን ልብሱ ከቡቲክ፣ ፔርሙዙ ከዕቃ ቤት፣ ሳሙናው ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ይገዛል። ሁሉም ነጋዴ የራሱን ቁራጭ ይሸጣል እንጂ ሙሉውን የሚያይ የለም። አብዛኛው የፋብሪካ ሸቀጥም ከመርካቶ ተነሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ በየመንገዱ ትርፍ እየተጨመረበት የሚደርስ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚመጣ ዳይፐርም ሆነ ፔርሙዝ ከዚህ አላመለጠም።

ሁለተኛው ምክንያት ከሒሳብ ይልቅ ከልማድ የመጣ ነው። ልጁ ሳይወለድ ልብሱን መግዛት ደግ አይደለም ብለው የሚያምኑ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። በዚህ የሚስቅ ነጋዴ ገበያውን አያውቅም። ሕፃን በየቤቱ የሚሞትበትን ዘመን ያዩ አያት ባዶ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ማየት ቢፈሩ አያስገርምም። ልማዱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌሊት ኪዮስክ የሚያንኳኳው ሰው ነው። ነጋዴው ከልማዱ ጋር ከመጣላት ይልቅ ዘዴ ቢፈልግ ይሻለዋል። ወደዚህ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ሦስተኛው ነገር «ወሊድ ነፃ ነው» የሚለው አነጋገር ያመጣው መዘናጋት ነው። እርግጥ በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት ከክፍያ ነፃ እንዲሆን ተደንግጓል፤ ይህም ብዙ እናቶችን ከሞት ያዳነ ፖሊሲ ነው። ነፃ የሆነው ግን አልጋው፣ አዋላጇና መድኃኒቱ እንጂ ጋቢው፣ ባጃጁና የአስታማሚዋ ምሳ አይደሉም። ቤተሰቡ «ነፃ ነው» ብሎ ገንዘብ ሳይዝ ይወጣል፤ ደርሶ ግን ገንዘብ ይጠየቃል። አንዳንዱም ይህን ፈርቶ፣ ዕቃው እስኪሟላ እያለ መንገዱን ያዘገያል። ደም እየፈሰሳት ያለች ወላድ ደግሞ ሰዓታት የሏትም።

ከዚህ ላይ ጦርነቱ የተወውን ጠባሳ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በትግራይ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝቶ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት መዘረፋቸውን፣ እንደ ወትሮው ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አስታውቆ ነበር። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባንክ ተዘጋ፤ ስልክና መብራት ተቋረጠ። ባንክ ውስጥ ገንዘብ እያለው የአንድ ሞዴስ ዋጋ ያጣ ደመወዝተኛ የታየው በዚያ ጊዜ ነው። በዓይደር ሆስፒታል ጓንት ታጥቦ ዳግም እስከ ማገልገል ተደርሷል፤ ከቤት የመጣ ያረጀ ልብስም ፋሻ ሆኗል። ከጦርነቱ በፊት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 186 የነበረው የእናቶች ሞት በጦርነቱ ጊዜ 840 መድረሱን በክልሉ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ መብራቱ፣ ባንኩና አውሮፕላኑ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተመልሰዋል።

ይህ ሁሉ የተነሣው ለኀዘን አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የወላድ ቦርሳ ከልኩ በላይ አብጦ ነበር። ሆስፒታሉ የሌለውን ሁሉ ቤተሰቡ እንዲያመጣ ሆነ፤ ጓንት፣ መርፌ፣ ግሉኮስ ሳይቀር። በችግር ቀን የተደረገ ነውና የሚያስወቅስ አይሆንም። ይሁን እንጂ ችግር የፈጠረው ልማድ ችግሩ ሲያልፍ አብሮት አይሄድም። ነጋዴ ደግሞ ልማድን ቶሎ ወደ ሸቀጥ የመለወጥ ተሰጥኦ አለው። አሁን የወላድ ቦርሳ ለመሸጥ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ጓንትና መርፌ ከትቶ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ይሆናል።

ዩጋንዳ ውስጥ «ማማ ኪት» የሚባል ጥቅል አለ። ላስቲክ አንሶላ፣ ጓንት፣ ምላጭ፣ ጥጥ፣ የእትብት ማሰሪያና ሳሙና የያዘ ነው። መንግሥት በነፃ እንዲታደል ያሰበው ዕቃ ቢሆንም በተቋሙ ሲጠፋ እናቲቱ ራሷ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ትመጣለች። በዚህ መንገድ የሆስፒታሉ ግዴታ ቀስ በቀስ ወደ ወላዷ ትከሻ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ጥቅሉን ያልያዘች ድሃ በማዋለጃው በር ላይ እንግዳ ትሆናለች። መቀሌ ከዚህ ብትጠነቀቅ ይሻላል። ድንበሩ ግልጽ ነው። እናቲቱ ላይ የሚለበስ፣ ሕፃኑን የሚያሞቅና አስታማሚዋን የሚያግዝ ነገር የገበያው ነው። ሰውነት ውስጥ የሚገባና እትብት የሚነካ ነገር ግን ከሆስፒታሉ ግምጃ ቤት ይወጣል። ምላጭ ከኪዮስክ፣ መድማት የሚያቆም መርፌ ማቀዝቀዣ ከሌለው ሱቅ መግዛት ርካሽም ቢሆን ኪሳራ ነው።

ከዚህ ድንበር ወዲህ ያለው ገበያ ለነጋዴ ይበቃዋል። በሌላ አገር የተሠራበትን ለማየት ፊንላንድን መጥቀስ ይቻላል። እዚያ የእናቶች ሣጥን እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች፣ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም ይታደላል። ልብሱ፣ ብርድ ልብሱና ፎጣው ሁሉ በአንድ ካርቶን ተሟልቶ ይመጣል። የሚያድለው መሥሪያ ቤት ስሙ ኬላ ነው፤ ከእኛው ኬላ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ዕቃውን በጨረታ ከነጋዴዎች ይገዛል። እናቲቱ ሣጥኑን ለማግኘት ከእርግዝናው አራተኛ ወር ማብቂያ በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት። በሣጥን ፈንታ ጥሬ ገንዘብ መውሰድም ይቻላል፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ልጅ ወላጆች የሚመርጡት ግን ሣጥኑን ነው። አንድ ላይ በብዛት የተገዛ ዕቃ ለየብቻው ከሚገዛው ስለሚረክስ በዚያው ገንዘብ ያን ሁሉ መግዛት አይችሉምና። የሣጥኑ ትርፍ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ፊንላንድ ሀብታም ናት የሚል ቢኖር ሕንድ አለች። ዙባይዳ ባይ የተባሉ ሴት መሐንዲስ የመሠረቱት ኩባንያ «ጃንማ» የተባለ የወሊድ ጥቅል ከ2 እስከ 5 ዶላር በሚሆን ዋጋ ለጤና ድርጅቶች ይሸጥ ነበር። ብልሃቱ ያለው ማሸጊያው ላይ ነው። ጥቅሉ የሚገባው ጆንያ ከሚሠራበት ቃጫ በተሰፋ የሴት የእጅ ቦርሳ ሲሆን ወላዷ በኋላ ገበያ ትይዘዋለች። ማሸጊያው ራሱ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ መቀሌ ምን አላት? ቢያንስ ሰፊ አላት። የማ ጋርመንትና የመቀሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ መኪና ላይ ተቀምጠው የሠለጠኑ ልጆች በከተማዋ አሉ። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ዓይኑ ያረፈው ወደ ውጭ በሚላክ ልብስ ላይ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ስትሰረዝ ያ ሕልም ተሰበረ። ለአሜሪካ ገዢ የሕፃን ልብስ መስፋት የሚችል እጅ ለዓይደር ወላድ መስፋት አያቅተውም። ወርዱ ያነሰ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዶላርም፣ መርከብም፣ ኮታም አይጠይቅም።

ከዚህም የሚቀርብ ምሳሌ ከተማዋ ውስጥ አለ። ኬሚካል መሐንዲሷ ፍረወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መቀሌ ላይ የማርያም ሰባ ፋብሪካን አቋቁመው እየታጠበ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ ማምረት ሲጀምሩ፣ በአደባባይ ስሙ የማይነሣ ዕቃ ማን ይገዛል የሚል ጥርጣሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና አድርጎ መረጣቸው። ለነጋዴ አንባቢ ከሽልማቱ በላይ የሚጠቅመው ነገር ግን፣ ሸማቿ ሴት በመሆኗና ጉዳዩ በማሳፈሩ ብቻ ሌላው ያለፈውን ገበያ አንድ የመቀሌ ፋብሪካ ማየቱ ነው። የወላድ ሞዴስ ከወር አበባው ወፍራምና ሰፊ መሆን አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም አንዴ ተጠቅሞ የሚጣለው ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ባሉት የአራስነት ሳምንታት ግን በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ለድሃ ቤት ወጪ ይቀንሳል። ቦርሳው ሁለቱንም ቢይዝ አይጣሉም።

የአሻሻጡ ነገር ከማምረቱ ይከብዳል። ምጥ ከመጣ በኋላ የሚሸጥ ቦርሳ ያው የኪዮስኩ ዋጋ ነው። ሽያጩ ክትትል በሚደረግበት ጊዜ መጀመር አለበት። የነፍሰ ጡር እናቶች በየወሩ በጤና ባለሙያ በሚሰበሰቡበት፣ ገንፎ ተገንፍቶ ቡና በሚፈላበት ጤና ጣቢያ ሁሉ የዕቃው ዝርዝር በአንድ ገጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ መልካም ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ጤና ተቋሙ እንጂ ነጋዴው መሆን የለበትም፤ ነጋዴ ያወጣው ዝርዝር በየዓመቱ መርዘሙ አይቀርም። ገንዘቡ ደግሞ በዕቁብ መልክ በአራት በአምስት ወር ሊከፈል ይችላል። የወሩን ደመወዝ በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ወጪ በወር ሲከፋፈል የስኳር ወጪ ያህል ይሆናል።

የልማዱም መፍትሔ ከዚሁ ይወጣል። ቤተሰቡ ይክፈል፣ ቦርሳው ግን ሱቅ ይቆይ። የሕፃን ልብስ ከነፍሰ ጡሯ ቤት አይገባም፤ አያትም አይሠጉም። ምጡ ሲመጣ ስልክ ይደወላል፤ ባለባጃጁ ቦርሳውን ከሱቁ አንሥቶ ማዋለጃው በር ድረስ ያደርሳል። ሌሊት ሱቁ ዝግ ነው የሚባል እንደሆነ፣ ያው ሌሊት የማይዘጋው የሆስፒታል በር ኪዮስክ በወኪልነት ሊይዘው ይችላል። ኪዮስኩን ከዚህ ገበያ ማስወጣት ሞኝነት ነው፤ በብርድ የሚያድረው እርሱ ብቻ ነውና። ቀድሞ የተከፈለበት፣ ዋጋውም ላዩ ላይ የታተመበት ቦርሳ ከሆነ ግን የሚያገኘው ኮሚሽን ነው እንጂ የባልየውን ጭንቀት ተመልክቶ የሚጠራው ዋጋ አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ማንም ነጋዴ በደስታ የማያነሣው ነገር ነው። አንዳንዱ ወሊድ በለቅሶ ያልቃል። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የተዘጋጀበት ቤት ድንኳን ይተከልበታል። የዚያ ቤት አባት ከሳምንት በኋላ ያልተነካ ቦርሳ ይዞ ሱቅ ቢመጣ ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት ጣቱን ቀስሮ ሊያሳየው ነውን? እንዲህ ያደረገ ነጋዴ በመቀሌ ስፋት ሁለተኛ ቦርሳ አይሸጥም፤ ወሬው በየእድሩ በአንድ ቀን ይዳረሳል። ስለዚህ የሽያጩ ደረሰኝ ሲታተም አንድ መስመር አብሮ ይግባበት፦ ቦርሳው ሳይከፈት የተመለሰ እንደሆነ ገንዘቡ በሙሉ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ በዕለቱ ይመለሳል።